ሙሚን የዳሰሳቸው ነገሮች

ሰኔ 5

በጅቡቲ፣ ሀራሙስ ሰፈር ካሉት ዘበኞች ሁሉ ፈረንሳይኛ የሚያነብ እኔ ጎሳዬ ብቻ ነኝ። ይኸው ተጻፈ። እሺ፣ «ያነባል» ትንሽ ይበዛል። ፊደሎቹን ለይቼ አውቃቸዋለሁ፣ በየስማቸው እጠራቸዋለሁ። ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሉ ነው ገና ያልነገሩኝ።

አማርኛው ግን አሁን የኔ ነው። መምህራችን በዕውቀቱ ቀን ወደቡ አጠገብ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ይጽፋል፣ አመሻሽ ላይ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር በተከራያት ክፍል እኛን ጢማሞቹን ፊደል ያስቆጥራል። ባለፈው ሳምንት አስመረቀንና ይህን ደብተር ሰጠኝ። «ጋሽ ጎሳዬ፣ ያ ሁሉ ወሬህ እንዳይባክን ጻፈው። ውሸት ግን አትጻፍ፤ ወረቀት ቀልድህን ሰምቶ አይስቅልህም» አለኝ።

ስለዚህ እውነት እውነቱን። የመተሃራ አገዳ ቆራጭ ነበርኩ፤ የቆረጥኩት አገዳ ቢደረደር ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል። አሁን የሙሴ ዓብዱልመጂድን በር እጠብቃለሁ፤ «ሙሴ» እዚህ ጌታዬ ማለት ነው። ሙሴ ወደብ ላይ ዕቃ ያስለቅቃል። ድሬዳዋ ስለተማረ አማርኛ እንደኛ ነው የሚናገረው፤ ፈረንሳይኛው ለእንግዳ፣ ሶማልኛው ለሚስቱ፣ አማርኛው ለስድብ ነው። ሚስቱ ማዳም ሂንድ ባንክ ትሠራለች። ልጃቸው ሙሚን አንድ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ልጁን የምትይዘው የውብዳር ናት፣ የቆቦ ልጅ፣ እዚያው ግቢ የምታድር።

የምጽፈው ብዙ ጊዜ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ነው። ጫቱ ገብቶ ከተማው በሙሉ ሲጋደም።

ዛሬ ሙሴ የመኪናውን በር ሾፌሩ እጅ ላይ ዘጋበት። ሆን ብሎ። መርከብ ዘግይቶበት ነው አሉ። መርከቡን መምታት አይችልማ። ሾፌሩ ጣቶቹን ሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ በእግሩ ወጣ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ልለው ፈልጌ የመጣልኝ ቀልድ ብቻ ነበር። ዋጥኩት።

ሰኔ 8

«ጋሼ፣ ያንተን ፈረንሳይኛ ዛሬ እንየው» አለችኝ የውብዳር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሚን ነገር መንካት ይፈራል። ምንጣፍ ላይ ሲያስቀምጡት እግሮቹን እንደ ዶሮ ይሰበስባል። የሰው ጣት አይጨብጥም። ሐኪሟ ለማዳም፣ በየቀኑ በጨዋታ እጁንና እግሩን አለማምዱት ብላ ወረቀት ሰጠቻት። በአንድ ገጽ ዘጠኝ ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ከነሥዕሉ። ማዳም የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሳየችና ፍሪጁ ላይ ለጥፋው ወደ ባንኳ ሄደች።

የውብዳር ማንበብ አትችልም። እኔ ደግሞ አልችልም ማለት አልችልም።

«ሦስተኛው ምን ይላል?»

ሥዕሉ ላይ አንድ ሕፃን እጁን ሳህን ውስጥ ከቷል። «በረዶ ይላል» አልኩ። «ሳህን ላይ በረዶ፣ ከጎኑ ለብ ያለ ውሃ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ።»

«ይሄን ሁሉ? ሁለት ቃል ብቻ ናት እኮ።»

«ፈረንሳይኛ ቁጥብ ነው።»

ሳቀች። ከፍሪዘር በረዶ አመጣች። ሙሚን በአንድ ጣቱ ነካው፣ መለሰው፣ ጣቱን የሌላ ሰው ጣት እንደሆነ ሁሉ አገላብጦ አየው። አለቀሰ። ለብ ባለው ውሃ አጠበችለት። አታስገድደውም፤ በረዶውን እሷው ጉንጯ ላይ እያዞረች «ኡፍፍፍ» ትላለች። ራሱ ተመለሰ። በአራተኛው ሳቀ። ሳቁ እንደ ጀነሬተር ነው፤ መጀመሪያ ያነጥሰዋል፣ ከዚያ ይነሳል።

አመሻሽ ላይ ማዳም «ወረቀቱ ይገባሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጋሼ ጎሳዬ ያነብልኛል።»

«ጎሳዬ ያነባል? ትሬ ቢያን፣ ጎበዝ!» አለች ማዳም። እኔም አንገቴን ሰበር አደረግሁ፣ ትሑት ሰው እንደሚያደርገው።

ሰኔ 13

ካምሲን፣ የበረሃው ትኩስ ነፋስ። አሸዋ ጥርሴ መሃል። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ሙሴ ጀነሬተሩን በእርግጫ መታው። ጀነሬተሩ አልነቃም፣ ሙሚን ነቃ። ውስጥ ጩኸት። ከዚያ አንድ «ጧ» የሚል ድምፅ። ብርጭቆ ይሆናል። ብርጭቆ ነው።

ሰኔ 18

የዱቄት ቀን። (አምስተኛው ሥዕል ነጭ ነገር ነበር። ዱቄት አልኩ። ትክክል መሆን አለበት፣ ሌላ ምን ነጭ አለ?)

ጋዝ ሲሊንደር ተሸክሜ ስገባ የማእድ ቤቱ ወለል ላይ ትልቁን ትሪ ዘርግታ፣ ልጁን በዳይፐር ብቻ አቁማው፣ በብብቱ ይዛዋለች። በጣቱ ዱቄቱን ወጋው። ጉድጓድ ሆነ። ደነገጠ። ሌላ ወጋ። ከዚያ መዳፉን ሙሉ አሳረፈው። ሲያነሳው እጁ እዚያው ታትሞ ቀርቷል። እጁን አየ፣ ትሪውን አየ፣ እኛን አየ። የውብዳር «አየህ ጋሼ፣ ፈረመ!» አለች። እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው የፈረምኩት፣ እሱ በዓመት ከሁለት ወሩ። ቀናሁበት።

የሙሴ ጥሩምባ ተሰማ፣ ያለ ሰዓቱ። ሮጥኩ፣ ከፈትኩ። እሷ ልጁን ስታነሳው አምልጧት በሁለት ነጭ እግሩ ሳሎን ድረስ አጨማልቆ ነበር። ሙሴ አንድ ጫማውን አወለቀ። በሶሉ ፊቷን መታት። ደገማት።

«ልጄን ልትጋግሪው ነው?»

እኔ? በሩ ክፍት ነበር። ክፍት በር የዘበኛ ወንጀል ነው። ሄጄ ዘጋሁት። ቀስ ብዬ። ማጠፊያው ዘይት እንደሚፈልግም አየሁ፣ ዘይት ፈለግሁ፣ ቀባሁት። ስጨርስ ውስጡ ጸጥ ብሏል።

በኋላ ውሃ ልትደፋ ወጣች። የጫማው መስመር ጉንጯ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ጋሼ» አለች፣ «ነገ ምን ይላል ወረቀቱ?»

ሰኔ 25

ተደባደብኩ። አሸነፍኩ ማለት ይቻላል።

ዘይድ የጎረቤታችን ቪላ ዘበኛ ነው፤ የዚህ አገር ሰው ሆኖ ድሬዳዋ ያደገ፣ ጫት ጉንጩ ውስጥ ተወጥሮ የሚውል። የውብዳር ስድስተኛውን ጨዋታ ግቢው ጥላ ሥር ነበር የምታጫውተው፤ አንዱ ጠርሙስ ውስጥ ምስር፣ አንዱ ውስጥ ሩዝ፣ አንዱ ውስጥ ውሃ ከቀይ ሻሽ ቁራጭ ጋር። እያንዳንዱን ስትነቀንቅ ሙሚን ጆሮውን ያስጠጋል።

ዘይድ በአጥሩ ላይ «ግቢው መዋዕለ ሕፃናት ሆነ አሉ። ዘበኛውም መዳህ ጀመረ ወይስ ገና ነው?» አለኝ።

ሳቅሁ። ጥሩ ነበረች፣ እሰርቃታለሁ።

«ሙሴህ ሲደበድባት ድምጿ እኛ ጋ ድረስ ይመጣል» ብሎ ጨመረ። «አንተ ጋ አይደርስም መሰለኝ። አሥር እርምጃ ላይ ስለሆንክ።»

ይቺኛዋ አላሳቀችኝም። ዞሬ በእነሱ በር ገባሁና አፉን አልኩት። ጫቱም ደሙም አንድ ላይ ወጣ። እሱ በያዘው የእጅ ባትሪ ቅንድቤን ተረተረው። አሸዋው ላይ ተንከባለልን፣ ጆሮውን ነከስኩት፣ ጉልበቱን ሆዴ ውስጥ ከተተው፤ ሾፌሮች መጥተው ለያዩን። አንድ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ እኔ ቅንድቤ ስምንት ስፌት።

ያ ቡጢ ብዙ ቀን የተጠራቀመ ነበር። ለማን እንደነበር አውቃለሁ። ዘይድ ቅርብ ሆነ።

ሐምሌ 2

በችኮላ። ሙሚን ጣቴን ጨበጠ። የውብዳር የጎማ ጓንት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታ ቋጥራ ሰጠችው፤ ሲጨምቀው ሲያመልጠው ቆየ፣ ከዚያ ጓንቱን ጣለና የኔን ጣት ያዘ። አለቀቀም። ሙሴ መጣ፣ ጥሩምባ፣ እኔ አልሄድኩም። ሁለት ጥሩምባ። ሦስት። ልጁ አለቀቀማ። ስደርስ ሙሴ በመስኮቱ አንገትጌዬን ይዞ ግንባሬን ከመኪናው ጣሪያ ጋር አጋጨው። ስፌቱ ተከፈተ። ይሁን። ጨብጦኛል።

ሐምሌ 5

ዘጠኙም አለቀ። ሐኪሟ በመጪው ሳምንት ታየዋለች፣ ማዳምም «ጥሩ ከሆነ የውብዳርን ለሁለት ዓመት አልለቅም» ብላለች። የውብዳር ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በራ። እንዴት በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ትመኛለሽ አልኳት። «ልጁን ለማን ልተወው?» አለችኝ።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ የቀረ ነገር አለ። ቀይ ክፈፍ፣ ውስጡ ሦስት ሥዕል፤ ፊኛ፣ የሰዓት ባትሪ የምትመስል ነገር፣ እና ክብ ክብ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ኳሶች። ስለ ክፈፉ አስረዳኋት። መምህር በዕውቀቱ ስሕተት በቀይ አይሰርዝም፤ ትልልቅ ሰዎች ነን፣ እንዳናፍር። በቀይ ክፈፍ የሚያስገባው አሳምረን የጻፍነውን ነው። ደብተሬ ውስጥ ሃያ ሰባት ቀይ ክፈፍ አለኝ፣ ማንም አይደርስብኝም። ስለዚህ ቀይ ክፈፍ ውስጥ ያለው ዋናው ነው፣ የሁሉም አውራ ጨዋታ።

ኳሶቹን ሳይ ወዲያው አወቅኋቸው። የአሳል ሐይቅ ጨው! ውሃው ራሱ አንከባሎ እንደ ብይ ድቡልቡል የሚያደርገው፣ መንገድ ላይ ለፈረንጅ የሚሸጡት። ጓደኛዬ ሶሬሳ የጨው መኪና ነው የሚነዳው፤ ነገርኩት፣ ትናንት አንድ ከረጢት አመጣልኝ። ነጭ፣ ሻካራ፣ እጅ ላይ ደስ የሚል።

የጠየቀችው የውብዳር ናት። «ጋሼ፣ አምጣልኝ» አለችኝ፣ በግልጽ አማርኛ። ሳመጣላትም መዳፏን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ይሄ ይታወቅልኝ።

ሐምሌ 9

ልጻፈው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ሙሴ ከነካርቶኖቹ መጣ። ከፈትኩ፣ ካርቶን ተሸክሜ ከኋላው ገባሁ። ከእሱ ቀድሜ በማእድ ቤቱ መስኮት አየሁ። ሙሚን ትሪው ፊት ተቀምጦ አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። የውብዳር አንድ ጊዜ አየችው። ብድግ አድርጋ በግራ ክንዷ ላይ በደረቱ አስተኛችው፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች፣ በመዳፏ ጀርባውን መታችው። በኃይል። መታችው። መታችው። በአምስተኛው ነጩ ኳስ ወጥቶ ወለሉ ላይ ነጠረ፣ ቁም ሣጥን ሥር ገባ። ልጁ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጥሩ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

ሙሴ የገባው በአራተኛውና በአምስተኛው መሃል ነው።

የመጋረጃውን ብረት ነቀለው። የመጀመሪያው ትከሻዋ ላይ አረፈ። ልጁን ሥሯ አድርጋ ተደፋችበት። «ጨው! ጨው ዋጠ! ታንቆ ነው!» ትላለች። አይሰማም። ጀርባዋ ላይ። ወገቧ ላይ። ክንዷን ራሷ ላይ አነሳች፣ ክንዷ ላይ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ። አገዳ እንዲያ ነው የሚለው።

«ጋሼ ጎሳዬን ጠይቁት! አይቷል!»

ሙሴ ዞረ። ብረቱን አላወረደም። «ጎሳዬ። ምን አየህ?»

ካርቶኑ እጄ ላይ ነበር። ከባድ ካርቶን።

«እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ ሙሴ።»

ልጁን ከሥሯ መንጭቆ ወሰደው። እሷን በፀጉሯ ጎትቶ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆለፈባት። ወለሉ ላይ ደም ነበር፣ ጠረግሁ። ቁም ሣጥኑ ሥር ያለውን ኳስ አነሳሁና ኪሴ ከተትኩት። ወለል ላይ የወደቀ ነገር መተው አልወድም።

ሐምሌ 10

በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ከሙሴ ጋር ነው። በበሩ ሥር ውሃ በሳህን አሾለኩላት። «ጋሼ?» አለች። ወደ በሬ ተመለስኩ። ቅዳሜ ለፖሊስ ያስረክባታል፤ ሕፃን በመደብደብ። ለማዳም ሲነግራት ሰማሁ። ማዳም ታለቅሳለች። ሙሚን ሳህን መንካት እምቢ ብሏል።

አልጻፍም።

ሐምሌ 11

ወረቀቱን ከፍሪጁ ላጥኩና ካርቲዬ ሁለት ሄድኩ። መምህር በዕውቀቱ ፈረንሳይኛ ለእንጀራው ነው የሚያነብ። ቀዩ ክፈፍ ላይ ጣቴን አደረግሁ።

«እዚህ ጋ?»

«ለሕፃን በፍጹም የማይሰጡ። ያንቃል፣ ይገድላል ነው የሚለው።» ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው ጋሽ ጎሳዬ?»

«ምንም። ለጠቅላላ ዕውቀት።»

«በረዶ የሚል አለ?» ብዬ ሦስተኛውን አሳየሁት። በረዶ አይልም። ውሃ ብቻ ነው የሚል። ዱቄቱም ዱቄት አይደለም፣ የሳሙና አረፋ መሳይ ነገር ነው። ያ ሁሉ፣ ልጁን ያሳቀው ሁሉ፣ የኔና የእሷ ፈጠራ ነበር።

ስመለስ ዘይድ አጥሩ ላይ ተደግፎ ነበር። በተነቃነቀው ጥርሱ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ልጅቷ ትጮኻለች። ክንዷ አብጧል ትላለች» ብቻ አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 12

ዓርብ። ነገ ፖሊስ ነው። ስለዚህ ዛሬ።

ምሳ ላይ ሳሎን ገባሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ። ኳሱን ጠረጴዛቸው ላይ፣ ሩዙ አጠገብ አስቀመጥኩት። ተናገርኩ። አልደበደበችውም፣ ከጉሮሮው አወጣችው። ያመጣሁት እኔ ነኝ። አይቻለሁ። በሩ ላይ አልነበርኩም።

ሙሴ ወንበሩን አነሳ። ሃያ ዓመት አገዳ የቆረጠ ክንድ ወንበር ይቀማል፤ አልቀማሁትም። የመጀመሪያው ጎኔ ላይ ተሰበረ። በእግሩ ቀጠለ፤ ሆዴን፣ አፌን፣ ስፌቱን። ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ አየሁ፣ ማን ናቸው ብዬ አሰብኩ። ማዳም በሶማልኛ ጮኸችበት፣ የውሃውን ጆግ አንስታ ደረቱ ላይ ሰበረችው። ያኔ ቆመ። ሸሚዙ ደም ነበር፣ የእሱ ደም። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ማዳም ኳሱን በሁለት ጣቷ ያዘችው። «ይሄ ልጄ አፍ ውስጥ? ማን አለህ አምጣ?»

አፌ በደም ተሞልቷል። «የውብዳር ጠየቀችኝ» አልኩ።

ማዳም ቁልፉን ከባሏ ኪስ አውጥታ በሩን ራሷ ከፈተች። ፖሊስ ቀረ። ግን የውብዳርን እያየቻት እንዲህ አለች፦ «ልጄን ያዳንሽው አንቺ ነሽ፣ አመሰግናለሁ። ይሄን ለልጄ ያስመጣሽውም አንቺ ነሽ፣ ሁለተኛ እንዳትነኪው።» የውብዳር ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች። እኔ አፌ ላይ ጨርቅ ይዤ ነበር። ሙሚን ከማዳም ጀርባ እጁን ዘርግቶ ይጣራል። ያ ምንም የማይነካ ልጅ።

ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወጣን። እሷ በግራ ሄደች፣ እኔ በቀኝ።

ሐምሌ 21

መምህር በዕውቀቱ ክፍል ውስጥ ነው የማድረው፣ ሰሌዳው ሥር። ጥርስ ስለጎደለኝ «ሰ»ን ስናገር ያፏጫል፤ ሰፈሩን ሁሉ አዝናናለሁ። ጎኔ ስስቅ ብቻ ነው የሚያመኝ፣ ስለዚህ ብዙ ያመኛል።

የውብዳር እዚያው ካርቲዬ ሁለት የቆቦ ሴቶች ጋር ናት። ክንዷ ጀሶ ውስጥ ነው። ዛሬ ሄድኩ። በር ላይ አቆመችኝ።

«ምን ፈለግህ?»

«ጽፌዋለሁ። ሁሉንም። ላንብብልሽ።»

«ይሄኛውስ በየትኛው ቋንቋ ነው?» አለች። ስለ ፈረንሳይኛዬ ከበዕውቀቱ ሰምታለች፤ ይገባኛል።

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ አነበብኩ። በረዶው ጋ ፈገግ አለች። ዱቄቱ ጋ ጉንጯን ነካች። የበሩን ማጠፊያ ዘይት የቀባሁበት ጋ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም ማንበቤን ቀጠልኩ። ሐምሌ አምስት ላይ ስደርስ ጤነኛ እጇን ደብተሩ ላይ ጫነችው።

«ይሄን ማን አለ?»

«እንዴት?»

«ማን ነው ያለው፣ ጋሼ?»

ጎዳናው ላይ ልጆች ኳስ ይመታሉ። ቀልድ ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም።

«ፖሊስ አልፈልግም፣ ሙሴን አልፈልግም» አለችኝ። «የልጁ እናት እንድታውቅ ብቻ ነው የምፈልገው። አንድ ገጽ ጻፍ። በዕውቀቱ ወደ ፈረንሳይኛ ይመልሰው። አንተ ራስህ ውሰድላት።»

ይኸው ገጹ።

ማዳም ሂንድ፣ ደብተሬ ውስጥ ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር። የውብዳር አምጣልኝ አላለችኝም። ከረጢቱን ስከፍትላት «ጋሼ፣ ይሄ ትንሽ ነው፣ አፉ ውስጥ አይገባም ወይ?» ነበር ያለችኝ። እኔም «ወረቀቱ ይላል፣ ካንቺ ፈረንሳዮቹ አያውቁም?» አልኳት። መዳፏንም አልዘረጋችም። እጇን ጨብጣ ወደ ኋላዋ አድርጋው ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፍቼ ያስያዝኳት እኔ ነኝ።